ባለ ሰባት ወንበሯ ስንት ገባች?

ሰፈሩ ሰውዬውን አቶ ዋጋ ይለው ነበር። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከደመወዝ ከፋዩ በቀር የሚያስታውስ ሰው ነበረ ለማለት ይቸግራል። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። አዲስ መኪና በሚሸጥ ድርጅት ውስጥ፣ በመስታወት በተከበበው ትልቅ አዳራሽ፣ ወለል ሲወለውል፣ የቆሙትን መኪኖች በለስላሳ ጨርቅ ሲያሻሽ፣ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ደግሞ አሮጌውን ካርቶን ከፊት መስታወታቸው አንስቶ አዲሱን ሲያኖር ነው ጠጉሩ የሸበተው። መንዳት አያውቅም። መሪ የጨበጠው ሊያጸዳው ብቻ ነው። በዋጋ ግን የሚረታው አልነበረም።

በተለይ በአንዷ ዋጋ። ባለ ሰባት ወንበር የቤተሰብ መኪና ናት፤ ከመሬት ከፍ ያለች፣ ሆደ ሰፊ፣ ልጅ ያለው ሁሉ አይቷት ምራቁን የሚውጥላት። አቶ ዋጋ ዘመን የሚቆጥረው በእሷ ነበር። ሌላው ሰው «ጎርፉ የመጣ ዓመት» ሲል እሱ «አዲሷ ሰላሳ ስምንት ሺህ የነበረች ጊዜ» ይላል። ሰላሳ ስምንት ሺህ በነበረች ጊዜ ተቀጠረ። ስድሳ ስትገባ አገባ። ሴቷን ልጅ በሰማንያ አምስት ወለደ፣ ወንዱን በመቶ አሥር። አማቱ የተቀበሩ ለት ሐዘንተኛው መሀል ቆሞ «እሳቸው እንኳ መቶ ሃያ ሺህ ሳትሞላ ተገላገሉ» ቢል ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው።

ሚስቱ የመኪና ወንበር ልባስ የምትሰፋ ሰፊ ናት። ጋራዦች በተደረደሩበት መንገድ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀጥራ ሰው ሠራሽ ቆዳ ስትቆርጥ፣ የተጎዳ ስፖንጅ አውጥታ አዲስ ስትሞላ፣ የስፌት መኪናዋን በእግሯ ስትረግጥ ትውላለች። ግትር ናት ይሏታል። እሷም አትክድም፤ «ግትር ባልሆን ኖሮ ከእሱ ጋር እስከ ዛሬ እንዴት እኖር ነበር?» ትላለች።

የባሏ ጡረታ ሲቃረብ ድርጅቱ ለነባር ሠራተኞች ቅናሽ አደረገ። አዲሷ ሁለት መቶ ሺህ ደርሳ ነበር፤ ለእሱ በመቶ ስድሳ አሉት። የስንብት ክፍያው ሄደ፣ የሰፊዋ የአንገት ሐብል ሄደ፣ ለቤት መሥሪያ ብላ ከጉሮሮዋ ነጥቃ ያስቀመጠችውም ሄደ። የድርጅቱ ሾፌር እየነዳ ቤት አደረሳቸው። አቶ ዋጋ ሁሉንም ጫማ አስወለቀ። ሰፊዋ ጫማዋን ጭኗ ላይ ታቅፋ፣ ከኋላ ከልጆቿ መሀል፣ ፕላስቲኩ ባልተነሳለት ወንበር ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ መጣች። ልጆቹ መስኮት ይከፈትልን ብለው ለመኑ፤ አቧራ ይገባል ተባሉ። መኪናዋ ግቢ ገብታ ቆመች። እንደቆመች ቀረች።

የአቶ ዋጋ ሕግ አጭር ነው። «የተነዳ መኪና ይረክሳል፤ የቆመ መኪና ይወደዳል።» ይህን ከማንም አልሰማውም፤ በዓይኑ ያየው ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ መኪኖቹ ይቆማሉ፣ ያበራሉ፣ ዋጋቸው ይጨምራል። አንዲትም እዚያ ቆማ ስታረጅ አላየም። እርግጥ የቆመችው ስትሸጥ በቦታዋ ሌላ አዲስ እንደምትተካ ጨርቁን ይዞ የተመለከተው ነገር ነው። ግን ሰው ያየውን ሁሉ የሚያስተውል ቢሆን ኖሮ የዚህ ዓለም መከራ በግማሽ በቀለለ ነበር።

ስለዚህ የቆርቆሮ መጠለያ ሠራላት፣ ሸራ አለበሳት። ከወንበሮቿ ላይ ፕላስቲኩን አላነሳም። በየሳምንቱ ውጭዋን ይወለውላል። ድርጅቱ ውስጥ ለቀረው ወዳጁ እየደወለ «አዲሷ ስንት ገባች?» ይላል፤ ሲነገረው ካርቶን ቆርጦ ቁጥሩን በወፍራሙ ጽፎ ከፊት መስታወቷ ሥር ያኖራል። ሦስት መቶ። አምስት መቶ። ስምንት መቶ ሺህ። ሚሊዮን የገባች ለት ጎረቤት ጠርቶ ሻይ ጋበዘ።

«ይኸው ሚሊየነር ሆንኩ» አለ።

ጎረቤትየው ዳቦውን እያላመጠ፣ «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት አንተ ነህ» አለው። «በዚህ ቤት ሁለት መኪና አለ፤ የሚሠራው የሚስትህ የስፌት መኪና ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አቶ ዋጋም ሳቀ። ሰፊዋ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወጣች።

ሴቷ ልጅ ምጥ የያዛት ቀንም መኪናዋ እዚያው ነበረች። ሰፊዋ ልጇን ደግፋ እስከ ታክሲ ማቆሚያ በእግር ስትሄድ አቶ ዋጋ ቦርሳ ተሸክሞ ከኋላ ኩስ ኩስ ይላል።

«ጎረቤታችን ሾፌር ነው፤ ቁልፉን ስጠው!» ብላ ጮኸችበት።

«ደም ይነካታል» አላት።

ልጅቷ ሆስፒታሉ በር ላይ፣ በሰው ታክሲ ውስጥ ወለደች። ሰፊዋ በማግስቱ ባለታክሲውን ፈልጋ አግኝታ ወንበሩን በሳሙና አጠበች፤ ልባሱንም በነጻ ቀየረችለት። ለባሏ ግን ስለዚያ ቀን ትንፍሽ አላለችም። አንዳንድ ነገር ሲናገሩት ያንሳል።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ተራው የእሱ ሆነ። መጀመሪያ ትንፋሽ አጠረው፤ ከዚያ እግሩ አበጠ፤ ከዚያ ጋደም ብሎ መተንፈስ አቃተውና በትራስ ተደግፎ ማደር ጀመረ። ሐኪሙ ከልቡ መዝጊያዎች አንዱ ተበላሽቷል አለ። «ይቀየራል። ግን በዚህ ወር መሆን አለበት፤ ካለፈ ልቡ ራሱ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም።» ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ አልጋ ያዘለት። ክፍያው ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ነው፤ የሚከፈለውም ከመተኛቱ በፊት።

ልጆቹ ኪሳቸውን አራገፉ። የሰፊዋ አሠሪም በደመወዟ ላይ አበደራት። ሁሉ ተደምሮ ሰማንያ ሺህ ሆነ። ከዚያ በኋላ የቤቱ ሰው ዓይን ሁሉ ወደ መጠለያው ሄደ።

«ትሸጣለች» አለች ሰፊዋ።

«ዘንድሮ?» አለ አቶ ዋጋ። «አዲሷ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ገብታ? ለሚመጣው ዓመት እኮ ሦስት ናት!»

«ለሚመጣው ዓመት አንተ የለህም።»

«ማን አለ?»

«ሐኪሙ አለ። እግርህ አለ። ትንፋሽህ አለ። ጆሮ ካለህ ስማቸው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ልትቀብሪኝ ቸኮልሽ እንዴ?»

«ልቀብርህ ብፈልግማ ዝም እልህ ነበር።»

ሴቷ ልጅ መሀል ገባች። «አባባ፣ በሞቴ እሺ በለኝ። ስትድን ሌላ ትገዛለህ።»

«በምን? በጡረታዬ? ጎማዋንም አልገዛ።»

እንዲህ ሲያኮርፍና ሲነታረክ ሰነበተ። አንድ ጠዋት ግን ትንፋሽ አጥሮት፣ የሰፊዋን ክንድ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ፣ ፈራ። ሲፈራ አይታው አታውቅም። «እሺ» አለ ሲመለስለት። «እሺ፣ ትሸጥ። ግን ሰው ያልነካት አዲስ ናት፤ የምትሸጠውም በአዲስ ዋጋ ነው። ከዚያ አንዲት ሳንቲም ብትጎድል አልፈርምም።»

ማክሰኞ ገዢው መጣ። መኪና እየገዛ የሚሸጥ፣ ደንደን ያለ፣ ቁልፍ ጣቱ ላይ የሚያሽከረክር ሰው ነው። አብሮት የመጣውን መካኒክ ሰፊዋ ታውቀዋለች፤ ከእሷ መሥሪያ ቤት ጎን ያለው ጋራዥ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ ግሪስ ይሉታል።

«እትዬ! የእርስዎ ናት እንዴ?» አለ ግሪስ ሸራው ሲገለጥ። ቀለሟ ፊት ያሳያል።

«ኧረ ጉድ!» አለ ገዢው። «ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?»

«ከድርጅቱ እስከዚህ ግቢ» አለች ሰፊዋ።

ገዢው ሳቀ። ግሪስ አልሳቀም፤ ዝቅ ብሎ ጎማዎቹን አየ። በቆሙበት በኩል ጠፍጥፈው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቀዋል። ያመጣውን ባትሪ አሰረና ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ፤ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ኮፈኑን ሲከፍት አይጦች ቤት ሠርተው ወልደው ከብደው ተገኙ፤ ሽቦው ሁሉ ተቆርጥሞ መዳቡ ወጥቷል። የነዳጅ ጋኑን ክዳን ሲያነሳ የከረረ የቀለም ሽታ የመሰለ ነገር አፍንጫቸውን መታቸው።

«እትዬ፣ ሞተሩ ነክሷል። ዝጎ እርስ በርሱ ተጣብቋል» አለ ግሪስ። «ፍሬኑም እንደዚያው። ይህን ሁሉ ዓመት ማንም አላስነሳትም?»

«ባሌ ያልተነካ ነገር አያረጅም ብሎ ነው።»

«ወይ አባባ!»

«ሌላ ዘዴ የለህም? በግፊትም ቢሆን?»

«እትዬ፣ የሞተ ሰው ጫማው አዲስ ስለሆነ ይሄዳል?»

ሰፊዋ ወደ ኋላ ዞረች። የኋላውን በር ከፍታ ፕላስቲኩን ገፈፈችው። የታፈነ የሻጋታ ጠረን ወጣ። ጨርቁ ጠቁሮ አረንጓዴ አውጥቷል። መዳፏን ጫን ብታደርገው እጇ እስከ አንጓዋ ሰመጠ፤ ስፖንጁ እንደ ፍርፋሪ ሆኖ በጣቶቿ መሀል ፈሰሰ። ፕላስቲኩ አቧራውን ከልክሎ እርጥበቱን አፍኖ አስቀርቶላቸዋል። ስንቱን የተበላሸ ወንበር አድናለች። ይኼኛው ግን የሚድን አልነበረም።

ገዢው ቁልፉን ማሽከርከር ተወ። «እናቴ፣ እኔም ክፉ ሰው አይደለሁም» አለ። «ለመለዋወጫ እወስዳታለሁ። በሩ፣ መብራቱ፣ መስታወቱ፣ ካምቢዮው ይሸጣል። ሁለት መቶ ሰባ ሺህ። ነገ መኪና ጎታች ይዤ እመጣለሁ፣ ገንዘቡንም ይዤ። ባለቤትዎ ግን ራሳቸው ይፈርሙ። ያለሳቸው ፊርማ ብወስዳት ሌባ ነኝ።»

ሁለት መቶ ሰባና ሰማንያ። ሰፊዋ ደጋግማ አሰበችው፤ ልክ ሦስት መቶ ሃምሳ። ሳይተርፍ፣ ሳይጎድል። እዚያው መጠለያው ውስጥ ጭቃ መከላከያውን ተደገፈች። ይህ ሁሉ ብስባሽ አሁንም አንድ ልብ ያሠራል። «ይሁን» አለች። «ነገ ና።»

ከግቢው ወደ ክፍሉ እስክትገባ ያሰበችው ይኼንን ነው። እውነቱን ብነግረው አይፈርምም፤ ወይም ድንጋጤው ይወስደዋል። እሺ ይበል፣ ይፈርም፣ ይታከም። ሲድን እነግረዋለሁ። ያኔ የታደሰ ልብ አለው፣ ይችለዋል።

«ስንት አለ?» አላት ገና በሩን ሳትዘጋ።

«ያልከውን።»

«ሁለት ሚሊዮን ተኩል?»

«ሁለት ሚሊዮን ተኩል።»

«ተከራከረ?»

እዚህ ላይ ነው የሳተችው። አንድ ክንድ ጨርቅ ሳትከራከር የማትገዛው ሴት፣ ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅላት ብላ «ምንም» አለች።

«ምንም?»

«ቃል አልወጣውም። ነገ ይዤ እመጣለሁ ብሎ ሄደ።»

አቶ ዋጋ ከትራሱ ቀና አለ። አመድማ ሆኖ በሰነበተው ፊቱ ላይ ደም ብቅ አለ። «እንግዲያው አትሸጥም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አትሸጥም አልኩሽ! ዕድሜዬን ዋጋ ስለጥፍ ነው የኖርኩት። ሳይከራከር የሚገዛ ሰው ማን እንደሆነ ልንገርሽ? ነገ ዋጋ እንደሚጨምር ዛሬ የሰማ ሰው ነው። ሊጨምር ሲል ነጋዴዎቹ እየተጋፉ ይገቡ ነበር፤ አንዳቸውም አይከራከሩም። በማግስቱ እኔ ካርቶን እቀይራለሁ። ሰውዬው አንድ ነገር ሰምቷል። ሦስት ልትገባ ነው!»

«ልብህስ?»

«ልቤ ትንሽ ይታገሥ።»

ሰፊዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዋሽቼህ ነው» አለችው። «የለችም። በስብሳለች። ሞተሯ ተጣብቋል፣ አይጥ በልቷታል። ሁለት መቶ ሰባ ነው ያለው፣ እሱም ለመለዋወጫ።»

አቶ ዋጋ እንደ ልጅ ሳቀባት። «አየሽ፣ አየሽ! ዕድሜሽን ሙሉ አንዲት ቃል ዋሽተሽኝ አታውቂም፤ አሁን ለማስፈረም ብለሽ ስትጀምሪው አፍሽ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ!»

ሮጣ ወጥታ ከወንበሩ አንድ እፍኝ ስፖንጅ ዘግና መጣችና መዳፉ ላይ አራገፈችው። አየው፣ አሸው። «ይኼማ ማታ ማታ ከቀሚስሽ ላይ የማራግፍልሽ ነው» አለ። «ከመሥሪያ ቤትሽ ነው።»

ሴቷን ልጅ ጠራች። ሁለቱ በወንበር ተሸክመው እስከ በሩ አወጡት። ግቢው ፀሐይ ነበር፤ ገዢው ሲሄድ በሮቿንም ኮፈኗንም ዘጋግቶ ነበርና ባለ ሰባት ወንበሯ ሸራዋን ጥላ ስታበራ ዓይን ትወጋለች። አቶ ዋጋ እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ አያት። «እስቲ እዩዋት» አለ። «እስቲ ይቺ ናት የበሰበሰችው?»

ሰፊዋ ልትከፍትለት ስትሮጥ፣ «እንዳትነኪያት! እጅሽ ላብ አለበት!» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ትንፋሹን ይዞት ሄደ። ከንፈሩ ጠቆረ፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ወደቀ።

«እማ፣ ተይው!» አለች ልጅቷ እያለቀሰች። «ልትገድይው ነው? ተይው በናትሽ!»

ሰፊዋ እጇ የመኪናዋን በር እንደያዘ ቆመች። ከዚያ ለቀቀችው። ተሸክመው መለሱት።

ረቡዕ ገዢው ጎታች መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገባ። ሰፊዋ ለምናው አልጋው ድረስ ሄዶ ሁሉንም በራሱ አፍ ነገረው። አቶ ዋጋ በትዕግሥት ሰማው።

«ልጄ፣ ይኼ የገዢ ወግ ነው» አለው። «ዕቃ ሳያጣጥል የገዛ ነጋዴ አላውቅም። ትናንት ዝም ብለህ ዛሬ ማጣጣል ግን ምን ይባላል? እወቅበት እንጂ!»

ሰፊዋ ብዕሩን ጣቶቹ መሀል አስገብታ በገዛ እጇ ጨበጠችለት። ጣቶቹን እንደ ድንጋይ አደረገባት። ያ ሁሉ ጉልበት ከየት መጣ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሱ ደግሞ ያልያዘውንም አልለቅ አለ። ገዢው «እናቴ፣ እኔ ምን ላድርግ?» ብሎ ወጣ። ጎታቹ ባዶውን እየተንገጫገጨ ሲሄድ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ ይሰማ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሰፊዋ ብቻዋን ሆስፒታል ሄደች። ለምን እንደሄደች ብትጠየቅ አታውቀውም፤ አልጋ ተይዞ መቅረት ነውር መስሏት ይሆናል። መዝጋቢዋ ስሙን አገኘችው።

«ሕመምተኛውስ?»

«ቤት ነው።»

«ለምን አልመጣም?»

«ዋጋ እስኪጨምር እየጠበቀ ነው» አለች።

መዝጋቢዋ ቀና ብላ አየቻት፤ ሐዘን አእምሮዋን የነካት መስሏት ድምጿን አለዘበች። «እናቴ፣ አልጋው ዛሬ ካልተያዘ ለሌላ ይሰጣል።»

«ስጡት።»

ከአግዳሚው ላይ አንድ ሰው ሚስቱን በብብቷ ደግፎ ተነሳ። ሴቲቱ ገርጥታለች፤ ግን ትሄዳለች። ሰፊዋ መንገድ ለቀቀችላቸው።

ቤት ስትደርስ ጥላው ዞሮ ነበር። አቶ ዋጋ በትራሶቹ መሀል ተዘፍዝፎ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሏል።

«የት ሄደሽ ነው?»

«ጠይቄ መጣሁ።»

«ድርጅቱ ድረስ ሄደሽ? አዲሷን?»

«አዲሷን።»

«ስንት ገባች?»

ሰፊዋ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። «ሦስት ሚሊዮን» አለችው።

«አላልኩሽም!» አለ። ሊስቅ ፈልጎ ሳሉ ቀደመው። ሲያበቃ ዓይኑን ከድኖ፣ «አላልኩሽም» አለ እንደገና፣ በቀስታ፣ ለራሱ።

እሷ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግሮቹን ከፍ ልታደርግለት ያዘቻቸው። ቀዝቅዘዋል፤ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ትራስ ከሥራቸው አስገባች። ጣቶቿን ስታነሳ የያዘችበት ጎድጉዶ ቀረ፤ ይመለስ እንደሆነ ብላ ብዙ ጠበቀች።